የእንግሊዝ ገጠር ሙዚቀኞች ምን ይዘው ይጫወቱ ነበር?

ጀማሪው፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ስለ አየርላንድ ቫዮሊንና ስለ ስኮትላንድ ባግፓይፕ የሚያወራ ሰው አጥቼ አላውቅም። ወደ እንግሊዝ ሲመጣ ግን ወሬው ይቋረጣል። እዚህ ለንደን የሥራ ባልደረቦቼን ብጠይቃቸው «እኛማ ምን አለን፤ ያለው የአየርላንዶቹ ነው» ብለው በሳቅ ያልፉታል። እኔ ራሴ የማውቀው ሳይመንና ጋርፈንክል ያወጡትን «ስካርቦሮ ፌር» ብቻ ነው፤ እሱንም ከነጊታሩ።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ሬዲዮ በሌለበት ዘመን የእንግሊዝ እረኛ፣ ግንበኛና የማዕድን ሠራተኛ ቅዳሜ ማታ ምን ይዞ ነበር የሚጫወተው? ስማቸው የሚታወቅ ተጫዋቾችስ አሉ?

የሸክላ ሰብሳቢ፦

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ጊታሩን አስቀምጠው። ዘፈኑ የቆየ የእንግሊዝ ዘፈን ነው፤ ያ የጊታር አጨዋወት ግን የማርቲን ካርቲ ነው። ፖል ሳይመን በ1960ዎቹ ለንደን ሳለ ከእሱ ሰምቶ ወሰደው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ጊታር በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ቦታ ያገኘው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ፣ በአብዛኛው በከተማ ወጣቶች እጅ ነው።

የገጠሩ ዘፋኝ በአብዛኛው የሚዘፍነው ያለ ምንም መሣሪያ ነበር። አውስትራሊያዊው የሙዚቃ ደራሲ ፐርሲ ግሬንጀር በ1906 ፎኖግራፍ የሚባለውን የድምፅ መቅጃ ተሸክሞ ወደ ሊንከንሻየር ገጠር ሄዶ ነበር። ጆሴፍ ቴይለር የተባለውን፣ ሰባ ዓመት ያለፈውን አዛውንት ሲቀዳው የሚሰማው አንድ የሰው ድምፅ ብቻ ነው። ሽማግሌው ግን በየስንኙ ዜማውን እያጠፈና እያሽሞነሞነ የሚሄድበት መንገድ አጃቢ አያስመኝም።

የኖርፎኩ ሃሪ ኮክስ (1885–1971) የእርሻ ሠራተኛ ነበር። ቫዮሊንም፣ ትንሽ አኮርዲዮን የሆነውን ሜሎዲየንንም ይጫወታል፤ ዘፈን ሲጀምር ግን መሣሪያው ወደ ጎን ነው። የዚያው አገር አናጢ ዋልተር ፓርደንም ከቤተሰቡ የወረሳቸው ዘፈኖች እንዳይጠፉበት ዜማቸውን ቤቱ ውስጥ ብቻውን በሜሎዲየን ይጫወት ነበር፤ ሰው ፊት ሲቀርብ ግን ድምፁን ብቻ ይዞ ነው። ስለዚህ «ምን ይዘው ይጫወቱ ነበር?» ስትል የምትጠይቀው በዋናነት ስለ ጭፈራ ሙዚቃ ነው። ስለ እሱ ደግሞ ከእኔ የተሻሉ ሰዎች እዚህ አሉ። ወናፍ፣ የት ነህ?

ወናፍ፦

አለሁ። ስሜም እንደሚናገረው እኔ የኮንሰርቲና ወገን ነኝ።

አይታችሁ ለማታውቁ፦ በሁለት እጅ መካከል የሚያዝ፣ ሁለቱ ጫፎቹ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ጎን ያላቸው፣ መሃሉ ወናፍ የሆነ ትንሽ ሣጥን ነው። ውስጡ ቀጫጭን የብረት ምላሶች አሉ፤ አየር ሲያልፍባቸው ይንቀጠቀጡና ድምፅ ይሰጣሉ። ከአኮርዲዮን ያነሰ፣ በኮት ስር ተይዞ ወደ መጠጥ ቤት የሚገባ ነገር ነው።

እንግሊዝ ውስጥ የፈጠረው ገበሬ እንዳይመስላችሁ። ፊዚክስ ሊቁ ቻርልስ ዊትስቶን ነው፤ ያው በ1837 ከኩክ ጋር ሆኖ የኤሌክትሪክ ቴሌግራፍ ያሠራው ሰው። የመሣሪያውን ቀዳሚ ቅርፅ በ1829 አስመዘገበ፤ በ1844 ደግሞ ኮንሰርቲናውን በስሙ አስጠበቀ። የእሱ ዓይነት «የእንግሊዝ ኮንሰርቲና» ይባላል፤ ወናፉን ብትገፋም ብትስብም አንድ ቁልፍ አንድ ድምፅ ይሰጣል። መጀመሪያ ላይ የባለጸጎች ሳሎን ዕቃ ነበር።

ገጠሩን የያዘው ግን ሌላው ነው፤ አንግሎ የሚባለው። ሥሩ የጀርመን ነው፤ በ1830ዎቹ ኬምኒትዝ ከተማ ካርል ኡሊግ ከሠራው መሣሪያ የመጣ። እዚህ ላይ አንድ ቁልፍ ሲገፋ አንድ ድምፅ፣ ሲሳብ ሌላ ድምፅ ነው። የጭፈራው ምሥጢር ያለው እዚህ ይመስለኛል። ዜማው እንዲወጣ ከፈለግህ ወናፉን ሳታቋርጥ መግፋትና መሳብ አለብህ። እያንዳንዱ የአቅጣጫ ለውጥ በዜማው ውስጥ ትንሽ ምት ይተክላል። አንግሎ ተጫዋች ዘና ብሎ ልጫወት ቢል እንኳን መሣሪያው እምቢ ይለዋል፤ ያዘልለዋል። ለዚህ ነው ሞሪስ የሚባለውን የእንግሊዝ መንደሮች የቡድን ጭፈራ የሚጨፍሩት የወደዱት።

ስም ጠይቀሃል። ዊልያም ኪምበር፤ 1872–1961፤ ኦክስፎርድ አጠገብ ካለው ሄዲንግተን ኳሪ፤ ሥራው ጡብ ግንባታ። የ1899 ክረምት ብርዱ ጠንክሮ ግንባታ ቆመ፤ ሠራተኛው ሁሉ ሥራ ፈታ። የሞሪስ ጭፈራ ወቅቱ ጰራቅሊጦስ ነው፤ እነሱ ግን ገንዘብ ስለቸገራቸው በገና ማግስት ያለ ወቅቱ ነጭ ለብሰው፣ ቅልጥማቸው ላይ ቃጭል አስረው ወጡ። ሴሲል ሻርፕ የተባለው የሙዚቃ መምህር በዚያ ቀን አማቱ ቤት በእንግድነት ተቀምጦ ነበር። በመስኮት አያቸው። በማግስቱ ኪምበርን አስጠርቶ ዜማዎቹን እንዲጫወትለት አደረገና በኖታ ጻፋቸው። በኋላ ብዙ ሺህ ዜማዎችን የሰበሰበው ሰው በዚያ ቀን ነበር ይህን ዓለም ያየው።

ኪምበር በመጨረሻዎቹ ዓመታት የተቀዳው አለ፤ ፈልገህ ስማው። ቀኝ እጁ ዜማውን ይዞ ሲሄድ ግራው አጫጭር ኮርዶችን ይጥላል፤ ይጥልና ወዲያው ያነሳል። ከዚያ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ጨፋሪው ይዘላል። ዛሬ ብዙ ሰው ኖታውን ያውቀዋል፤ ያንን ባዶ ቦታ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

እመት ቅኝት፦

ወናፍ፣ ታሪኩን አሳምረህ ነገርከው፤ ግን ሁልጊዜ በሻርፕ መስኮት ላይ መቆሙ ይሰለቸኛል። ሻርፕ ከ1899 በኋላ ዜማዎቹን ይዞ ለዓመታት ምንም አላደረገም። ነገሩን ያነሳሳችው ሜሪ ኒል ናት። ለንደን ውስጥ ለልብስ ሰፊ ልጃገረዶች ክበብ ነበራት። በ1905 የአገር ዘፈኖችና ጭፈራዎች ፈልጋ ሻርፕን ጠየቀችው፤ ኪምበርን ጠቆማት። ራሷ ሄዲንግተን ድረስ ሄዳ ፈለገችው፤ ኪምበርም ከአጎቱ ልጅ ጋር ለንደን መጥቶ ልጆቹን አስተማረ። በጥቂት ወራት ውስጥ እነዚያ ልጃገረዶች ሌላውን እንግሊዝ እየዞሩ ያስተምሩ ጀመር።

ከዚያ ሻርፕና ኒል ተጣሉ። እሱ እርምጃው በትክክል እንዲሠራ ይፈልጋል፤ እሷ ልጆቹ እንዲደሰቱ። በ1911 ሻርፕ የእንግሊዝ ባህላዊ ጭፈራ ማኅበርን አቋቋመ፤ የእሷ ሥራ ከታሪክ መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ ተገፋ።

ሌላም ቅሬታ አለኝ። ሰብሳቢዎቹ የሚፈልጉት «ንጹሕ» የሚሉትን ነበር። የመንደሩ ቫዮሊን ተጫዋች ግን ፖልካም፣ ዋልትዝም፣ ከከተማ ቲያትር የሰማውንም ዘፈን ይጫወታል፤ የሚከፍለው ሰው የጠየቀውን ነዋ። እነሱ ያንን እየዘለሉ ጥንታዊ የመሰላቸውን ብቻ ጻፉ። እንዴት እንደሚጫወት፣ ቀስቱን እንዴት እንደሚይዝ፣ ቫዮሊኑን ከአገጩ ስር ሳይሆን ደረቱ ላይ አስደግፎ እንደሆነ፣ ይህን የጻፈ ብዙም የለም። ዜማውን ወስደው ተጫዋቹን ተዉት።

ቤተ ክርስቲያኖቹን ደግሞ አትርሱ። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በብዙ የገጠር ቤተ ክርስቲያን በምዕራብ በኩል ባለው ሰገነት ላይ የመንደሩ ሰዎች በቫዮሊን፣ በቼሎ፣ በክላርኔትና በባሱን መዝሙር ያጅቡ ነበር። ሰርፐንት የሚባል እንደ እባብ የተጣጠፈ ትልቅ የንፋስ መሣሪያም ነበራቸው። እሑድ ጠዋት እዚያ የተጫወተው ሰው ቅዳሜ ማታ በሠርግ ላይ የነበረው ራሱ ነው። ቀሳውስቱ ይህን አልወደዱትም፤ አርጋንና ሃርሞኒየም አስገብተው ጓዱን በተኑት። ደራሲው ቶማስ ሃርዲ አያቱና አባቱ እንዲህ ያለ ጓድ ውስጥ ነበሩ፤ እሱም በልጅነቱ ከአባቱ ጋር በሠርግ ላይ ቫዮሊን ተጫውቷል። የቤተሰቡ የዜማ ደብተሮች ዛሬም አሉ። ከእሱ በፊት ደግሞ ገጣሚው ጆን ክሌር ከጂፕሲዎች ቫዮሊን ተምሮ በርካታ የጭፈራ ዜማዎችን በገዛ እጁ ጽፎ ትቷል። እንግዲህ ከሻርፕ በፊት ማንም አልጻፈም ለሚሉ።

ጀማሪው፦

እጅግ አመሰግናለሁ። እመት ቅኝት፣ ስለ ሜሪ ኒል ሰምቼ አላውቅም ነበር። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ እነዚህ ሰዎች እንደ እኛ አዝማሪዎች በሙያው የሚተዳደሩ ነበሩ?

የሸክላ ሰብሳቢ፦

አይደሉም። አዝማሪ ሙያውን ከቤተሰቡ ወርሶ በእሱ ያድራል። እነዚህ ግን ቀን ጡብ ይደረድራሉ፣ በግ ይጠብቃሉ፣ ድንጋይ ከሰል ያወጣሉ፤ ማታ ይጫወታሉ። ክፍያው ቢራና ሳንቲም ነው። በሰሜን ግን ጥቂት ለየት ያሉ ነበሩ። ጄሚ አለን የተባለው የጂፕሲ ዘር ያለው ባግፓይፕ ተጫዋች በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለኖርተምበርላንድ መስፍን ቤት ተጫውቷል፤ በስተመጨረሻ በፈረስ ስርቆት ተፈርዶበት በ1810 ደርሃም እስር ቤት ውስጥ ሞተ። የእሱን ነገር ለሰሜኑ ሰው ልተውለት።

የሰሜን ነፋስ፦

እኔ ኒውካስል አካባቢ ነው የምኖረው፤ ስለዚህ አዳልቼ ብጽፍ ይቅርታ አልጠይቅም። እንግሊዝ የራሷ የሆነ መሣሪያ የላትም ለሚሉ መልሱ ኖርተምብሪያን ስሞልፓይፕ ነው።

የስኮትላንዱን ባግፓይፕ አስቡና ጩኸቱን ቀንሱ። ይህኛው የቤት ውስጥ መሣሪያ ነው። በአፍ አይነፋም፤ በቀኝ ብብት ስር ያለ ትንሽ ወናፍ አየሩን ወደ ከረጢቱ ይልካል፤ ግራ ክንድ ከረጢቱን ይጫናል። ተጫዋቹ እየተጫወተ ማውራት ይችላል፤ አንዳንዶቹም ያወራሉ። ከጎን ያሉት ድሮን የሚባሉ ቱቦዎች አንድ ወጥ ድምፅ ያሰማሉ፤ የማይፈለገው ይዘጋል።

ልዩ የሚያደርገው ግን የዜማው ቱቦ ጫፉ የተዘጋ መሆኑ ነው። አብዛኛው ሌላ ባግፓይፕ ጫፉ ክፍት ስለሆነ ዝም ማለት አይችልም፤ ጣቶችህን ሁሉ ብትደፍንም ይጮኻል። ይህኛው ቀዳዳዎቹ ሁሉ ሲደፈኑ ዝም ይላል። ስለዚህ አንድ ጣት ታነሳለህ፣ አንድ ድምፅ ይወጣል፤ ትደፍናለህ፣ ዝም፤ ሌላ ታነሳለህ። በሁለት ድምፆች መካከል የፀጉር ያህል ዝምታ አለ። በደንብ ሲጫወቱት ድምፆቹ ተለያይተው አንድ በአንድ ይፈነጥቃሉ። መጀመሪያ ላይ የአንድ ኦክታቭ ያህል፣ ማለትም ስምንት ድምፅ ብቻ ነበረው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጆን ደንና ሮበርት ሪድ የብረት ቁልፎች እየጨመሩበት አሰፉት።

የዚህ አጨዋወት ንጉሥ ቶም ክላፍ ነው (1881–1964)፤ ብላይዝ አጠገብ ካለው ኒውሻም፤ የማዕድን ሠራተኛ፤ ከአባቱ የተማረ፤ አባቱም ከአባቱ። እጁ ቀን ድንጋይ ከሰል ሲቆፍር ውሎ ማታ እንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር መሥራቱ ይገርመኛል። የክላፍ ሕግ አንድ ነው፦ ሁለት ቀዳዳ በአንድ ጊዜ ክፍት አይሆንም። በቃ።

ከእሱ የተማረው ቢሊ ፒግ (1902–1968) ግን ሕጉን ጣሰ። ገበሬ ነበር። ጣቶቹን ከፍቶ ይለቃል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ዜማውን ያከንፋል። ወዳጆቹ በቴፕ የቀዱት ሥራው ከሞተ በኋላ በሸክላ ወጣና ወጣቱ ሁሉ እሱን መምሰል ጀመረ። እኔ ፒግን እወደዋለሁ፤ ተከታዮቹን ግን ብዙም አልወዳቸውም።

ከእሱ ቀጥሎ ሦስቱ እረኞች ይመጣሉ፦ ጆ ሃተን በስሞልፓይፕ፣ ዊሊ ቴይለር በቫዮሊን፣ ዊል አትኪንሰን በአፍ ሃርሞኒካ። አትኪንሰን እስከ 2003 ኖሯል። አፍ ሃርሞኒካ የልጆች መጫወቻ ነው የምትሉ ካላችሁ እሱን ስሙና ተመለሱ። የዛሬዋ ካትሪን ቲክልም ከእነዚህ ሽማግሌዎች ነው የተማረችው።

ወናፍ፦

የሰሜን ነፋስ፣ ፒግን «ሕግ ጣሰ» ማለት ግፍ ነው። ሕጉን ያወጣው ማን ነው? አንድ ቤተሰብ ነው።

የሰሜን ነፋስ፦

አንድ ቤተሰብ፣ ግን መሣሪያው የተሠራበትን ምክንያት የገባው ቤተሰብ። ዝም ማለት የሚችል ባግፓይፕ ይዘህ ዝም ካላልክ ሌላውን ዓይነት ለምን አትገዛም?

የሸክላ ሰብሳቢ፦

እናንተ ተከራከሩ፤ እኔ ወደ ምሥራቅ ልውሰዳችሁ።

ኖርፎክ ውስጥ ሂንግሃም የሚባል ቦታ ቢሊ ኩፐር የሚባል ሰው ነበር፤ ዱልሲመር ይመታል። ዱልሲመር ጠፍጣፋ ሣጥን ላይ በርካታ የብረት ክሮች የተወጠሩበት መሣሪያ ነው፤ ጫፋቸው በሱፍ ክር በተጠቀለለ ቀጫጭን የሸንበቆ ዘንጎች ይመታል። ድምፁ ስለማይታፈን አንዱ ዜማ ሳይጠፋ ሌላው ይደረብበታል። በአቅራቢያው ሺፕዳም ደግሞ ዋልተር ቡልወር ቫዮሊን፣ ባለቤቱ ዴዚ ፒያኖ ይጫወታሉ። በ1962 ሬጅ ሆልን የመሳሰሉ ወጣት ወዳጆች ሄደው አብረዋቸው እየተጫወቱ ቀዷቸው። ሽማግሌዎቹን እንደ ጥንታዊ ዕቃ መስታወት ውስጥ ማስቀመጥ ሳይሆን መሣሪያ አውጥቶ አብሮ መቀመጥ። ልዩነቱ ከሻርፕ ጋር ይታያችሁ።

ቅጂው በ1965 በ99 ሸክላ ብቻ ታተመ። ዘጠና ዘጠኝ! ቢሆንም ያንን ሸክላ የሰሙ ጥቂት ሰዎች በ1970ዎቹ ኦልድ ስዋን ባንድን የመሰሉ ቡድኖች አቋቋሙ። ከዚያ በፊት እንግሊዝ ውስጥ ያሉ የጭፈራ ቡድኖች የስኮትላንድና የአየርላንድ ዜማ በፍጥነት ይነዱ ነበር። እነዚህ ግን ዝግ ብለው፣ እግር መሬቱን እንዲያገኝ አድርገው ፖልካ መጫወት ጀመሩ። የባልደረቦችህ «የኛ የለንም» ማለት መልሱ እዚህ አለ፤ ነበራቸው፤ ግን ፖልካ ስለሆነ ማንም አልቆጠረው።

በሱሴክስ ስካን ቴስተርም (1887–1972) እንደዚያው ነው። ሆርስቴድ ኬይንስ አካባቢ የኖረ፣ አንግሎ ኮንሰርቲና የሚጫወት፣ የቤተሰብ ባንድ የነበረው ሰው። ዕድሜውን ሙሉ በመጠጥ ቤት ሲጫወት ሰብሳቢ አልደረሰበትም፤ ያገኙት በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ ሰባ ዓመት ሊሞላው ሲል ነው።

እመት ቅኝት፦

ስለ ሴቶቹም ልጨምር፤ ዝርዝሩ ሁሉ ወንድ ብቻ እንዳይሆን። ግሎስተር ውስጥ ሌሚ ብራዚል የምትባል የተጓዥ ጂፕሲ ቤተሰብ ሴት ሜሎዲየን ትጫወት ነበር። ሜሎዲየን ያው ባለ ቁልፍ ትንሽ አኮርዲዮን ነው፤ እንደ አንግሎ ሲገፋና ሲሳብ ድምፁ የሚለያይ። ከጀርመን ፋብሪካ በርካሽ ይመጣ ስለነበር የእርሻ ሠራተኛም ይገዛው ነበር። ቫዮሊኑን ከብዙ መንደር ያስወጣው እሱ ነው፤ ድምፁ ትልቅ፣ ቅኝቱ የማይዛባ፣ ጫጫታ በበዛበት መጠጥ ቤት የሚሰማ። ይህ ሁሉ «ጥንታዊ ባህል» የምንለው በአብዛኛው በፋብሪካ በተሠራ ዕቃ የተያዘ ነው፤ ይህን ስል ለማቃለል አይደለም።

ጀማሪው፦

ጥንታዊ የሆነ መሣሪያስ ጭራሽ የለም?

ወናፍ፦

አለ፤ ዋሽንትና ከበሮ በአንድ ሰው። ባለ ሦስት ቀዳዳ ዋሽንት በግራ እጅ፣ ከዚያው ክንድ ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ ከበሮ በቀኝ እጅ። ሦስት ቀዳዳ ብቻ መሆኑ አያስቸግርም፤ አነፋፉን ሲያጠብቁት ድምፁ ወደ ላይ ይዘላል፤ ሙሉ ዜማ ይወጣዋል። በ1600 የሼክስፒር ቡድን ቀልደኛ የነበረው ዊል ኬምፕ ከለንደን እስከ ኖርዊች ሞሪስ እየጨፈረ ሲሄድ ቶማስ ስላይ የተባለ ሰው በዚህ መሣሪያ አጅቦታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቫዮሊንና ኮንሰርቲና ቦታውን ወሰዱበት።

የት ልጀምር ብትል፦ ቶፒክ የተባለው የሸክላ አሳታሚ በ1998 «የሕዝቡ ድምፅ» የሚል ትርጉም ባለው ስም 20 ሲዲ አውጥቷል፤ ከላይ የተነሳው ሬጅ ሆል ያሰናዳው ነው። ለንደን ስለሆንክ ካምደን ውስጥ ያለውን የሴሲል ሻርፕ ቤት ሂድ፤ በ1930 የተከፈተ ነው፤ በሙዚቃ ደራሲው ቮን ዊልያምስ ስም የተሰየመው ቤተ መጻሕፍት እዚያ ውስጥ ነው። የሰብሳቢዎቹ የእጅ ጽሑፎች በድረ ገጹም በነጻ ይታያሉ። መሣሪያ ልግዛ ካልክ ጄፍሪስ የሠራቸውን አሮጌ አንግሎዎች አትመልከት፤ ዋጋቸው በብዙ ሺህ ፓውንድ ነው። ያገለገለ ሜሎዲየን ይበቃሃል።

ጀማሪው፦

ቅዳሜ ካምደን እሄዳለሁ። ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ፒግንም ክላፍንም ፈልጌ ሰማኋቸው። ፍርዴን ልስጥ? ፒግ!

የሰሜን ነፋስ፦

ገና ጀማሪ ስለሆንክ ነው፤ ክላፍን ደግመህ ስማ።